ጨው ነው ወይስ ድንጋይ? የቀትርን ሙቀት ለምጣድ የማቆየት ጥያቄ

ወሎ ውስጥ ጨው ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ከአፋር ዝቅታ በግመል ተጭኖ ዳገቱን የሚወጣው ነው። አሞሌ የገንዘብን ሥራ የሠራበት ዘመንም ከእኛ ብዙ አልራቀም። እዚህ የሚዳሰሰው ጨው ግን ወጥ አያጣፍጥም። በብረት ዕቃ ተዘግቶ፣ በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደ ቅቤ የሚቀልጥና ሲረጋ የያዘውን ሙቀት መልሶ የሚሰጥ የናይትሬት ድብልቅ ነው። በስፔንና በሞሮኮ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች ይህ ጨው በአሥር ሺዎች ቶን ተከማችቶ ማታ ማታ ተርባይን ያዞራል። በኢትዮጵያ ደግሞ ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ለእንጀራ መጋገሪያ ይሆን እንደሆነ ሲፈተሽ ቆይቷል።

ጉዳዩ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ገጠሮች ሩቅ አይደለም። ምጣድ የሚጣደው በቤቱ ሰዓት እንጂ በፀሐይ ሰዓት አይደለም፤ ፀሐዩ ደግሞ የሚበረታው በቀትር ነው። በመካከሉ ያለውን ክፍተት የሚሞላው እስካሁን ጭራሮ፣ ኩበትና፣ መስመር በደረሰበት ቤት፣ መብራት ነው። ጨው ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል ወይ ሲባል የሚሰጡት መልሶች የሚጋጩት፣ በአብዛኛው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ ላይ ስለሚታሹ ነው፤ አንዱ የኃይል ማመንጫው፣ ሌላው የማድቤቱ።

ከነዳጅ ማጣሪያ እስከ በረሃ መስታወት

የናይትሬት ድብልቆች መጀመሪያ የተፈለጉት ለፀሐይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካ የነዳጅና የኬሚካል ፋብሪካዎች፣ ዘይት የማይችለውን ሙቀት የሚችልና እንደ እንፋሎት ግፊት የማይፈጥር ፈሳሽ ይሹ ነበር። ከዚያ ፍለጋ የወጣው «ሂቴክ» የተባለው ድብልቅ 53 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 40 በመቶ ሶዲየም ናይትራይት እና 7 በመቶ ሶዲየም ናይትሬት ይዞ በ142 ዲግሪ ይቀልጣል። ናይትሬትና ናይትራይት በአንድ ፊደል ቢለያዩም በሰው ላይ ያላቸው ጠባይ አንድ አይደለም፤ ወደ ማድቤት ስንገባ እንመለስበታለን።

ቀጥሎ የመጡት የኑክሌር ሰዎች ናቸው። በቴነሲ የሚገኘው የኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1954 ለአውሮፕላን ታስቦ በተሠራ ሬአክተር፣ በኋላም ከ1965 እስከ 1969 በሌላ የሙከራ ሬአክተር፣ ቅልጥ የፍሎራይድ ጨው አዘዋወረ። በዚያ ሥራ ስለ ቅልጥ ጨው መበላሸትና ብረት መብላት የተገኘው ዕውቀት ዛሬም ይጠቀሳል።

ፀሐይ የገባችበት ዋናው ምዕራፍ በካሊፎርኒያ ባርስቶው አጠገብ ከ1996 እስከ 1999 የሠራው «ሶላር ቱ» ነው፤ 10 ሜጋዋት፣ የሦስት ሰዓት ማከማቻ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 በስፔን ግራናዳ አንዳሶል አንድ በ28,500 ቶን ጨው ለሰባት ሰዓት ተኩል የሚበቃ ሙቀት ማስቀመጥ ጀመረ። በ2011 ሄማሶላር የአሥራ አምስት ሰዓት ማከማቻ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። በአህጉራችን በሞሮኮ ዋርዛዛት ያለው ኑር ሦስት 150 ሜጋዋት ነው። ታሪኩ ሁሉ ግን ድል አይደለም። በኔቫዳ የክሬሰንት ዱንስ የሙቅ ጨው ገንዳ በ2016 አፍስሶ ማመንጫው ለወራት ቆመ፤ የኑር ሦስት ገንዳም በ2024 አፈሰሰ። ጨዉ በራሱ እምብዛም አይከዳም፤ የሚከዳው የያዘው ዕቃ ነው።

ስድሳ ለአርባ፣ በምን ሚዛን?

በማመንጫዎቹ «የፀሐይ ጨው» የሚባለው 60 በመቶ ሶዲየም ናይትሬትና 40 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፎች የሚያደናግሩበት ነገር አለ፤ ስድሳ ለአርባው በኪሎ ነው ወይስ በሞለኪውል ቁጥር? ሁለቱ አንድ አይደሉም። በክብደት 60 ለ40 የሆነው ድብልቅ በሞለኪውል ቁጥር ሲታይ 64 ለ36 ይጠጋል። ከሁሉ ዝቅ ብሎ የሚቀልጠው ድብልቅ ደግሞ ሁለቱ ጨዎች በሞለኪውል ቁጥር ግማሽ በግማሽ ሲሆኑ የሚገኘው ነው፤ በኪሎ ሲመዘን ሶዲየሙ 46 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህኛው እንደ አንድ ጨው በ222 ዲግሪ አካባቢ በአንድ ጊዜ ይቀልጣል። የማመንጫው ድብልቅ ግን በ222 መቅለጥ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ የሚሆነው ወደ 240 ዲግሪ ሲቃረብ ነው። ማመንጫዎቹ ይህን የመረጡት ሶዲየም ናይትሬት ከፖታሲየሙ ስለሚረክስ እንጂ በሙቀት ጠባዩ ስለሚበልጥ አይደለም። ለየብቻቸው ቢሆኑ የመጀመሪያው በ307፣ ሁለተኛው በ334 ዲግሪ ገደማ ነው የሚቀልጡት፤ መደባለቁ ብቻ ከሰማንያ ዲግሪ የማያንስ ወደ ታች አወረዳቸው ማለት ይቻላል።

ፈሳሹ ጨው ለአንድ ኪሎ በአንድ ዲግሪ 1.5 ኪሎጁል ገደማ ይይዛል። ይህ የውሃ ሲሶ ያህል ነው፤ ጨው የተመረጠው ብዙ ስለሚይዝ ሳይሆን ያለ ግፊት እስከ 565 ዲግሪ ስለሚዘልቅ ነው። ከዚያ በላይ ናይትሬቱ መፍረስ ይጀምራል። ሲቀልጥ የሚውጠው ድብቅ ሙቀት በአብዛኛዎቹ ልኬቶች ለኪሎ ከ100 እስከ 115 ኪሎጁል ይደርሳል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ110 እና በ130 ዲግሪ መካከል ጨዉ ሳይቀልጥ ውስጣዊ አቀማመጡን ይቀይራል፤ ለዚህም ለኪሎ 30 ኪሎጁል ገደማ ይበላል። ብዙ ንድፍ ይህን ትንሽ እርከን ይዘለዋል። ለማድቤት ሲሰላ ግን መዝለሉ ያስከፍላል።

በሙቀት አቅሙ ላይ የከረመ አንድ ክርክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሺንና ባነርጂ አንድ በመቶ ያህል ረቂቅ የሲሊካ ብናኝ በጨው ላይ ሲጨመር የሙቀት አቅሙ ከአሥር በመቶ በላይ እንደሚያድግ አሳተሙ። ሲሊካ ራሱ ከጨዉ ያነሰ ሙቀት የሚይዝ ስለሆነ፣ ተራው የድብልቅ ስሌት አቅሙ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ያድጋል አይልም። ተከትለው የለኩ ቤተ ሙከራዎች አንዳንዶቹ ዕድገት፣ አንዳንዶቹ ምንም፣ አንዳንዶቹም ቅናሽ አገኙ። ናሙናው እንዴት እንደደረቀ፣ ብናኙ ተበትኖ ይቆይ ወይም ይዝቀጥ፣ መለኪያው ስንት ሚሊግራም ይዞ እንደለካ ውጤቱን ይቀያይረዋል። ለምጣድ ጉዳይ ይህ ክርክር ባይፈታም ግድ የለም፤ የማድቤት ጨው ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

መርጋት ለማን በሽታ፣ ለማን ሥራ

የማመንጫ መሐንዲስ የሚፈራው መርጋትን ነው። ጨዉ በቧንቧ ውስጥ ከረጋ ኪሎሜትር የሚዘልቅ የብረት አንጀት ተደፈነ ማለት ነው። ስለዚህ ቧንቧው ሁሉ በኤሌክትሪክ ሽቦ ይሞቃል፣ ገንዳው ከ290 ዲግሪ በታች እንዲወርድ አይፈቀድለትም። ለእሱ 222 ዲግሪ እንዳይነካ የተከለከለ ወለል ነው።

ምጣድ ደግሞ በተለመደው አጋገር ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ይፈልጋል። ማመንጫው የሚሸሸው የመርጊያ ነጥብ ልክ ከምጣዱ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ጨዉ ሲረጋ ሙቀቱ ሳይወርድ ለረጅም ጊዜ እዚያው 220 ላይ ይቆያል፤ ጋጋሪ ከምጣድ የምትሻውም ይህንኑ አለመዋዠቅ ነው። አንዱ ጨው ለማመንጫው እየፈሰሰ የሚሠራ ፈሳሽ ነው፤ ለማድቤቱ ቆሞ የሚረጋ ብሎክ። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው የስፔንን ስኬት ለወልድያ ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል፣ ወይም የኔቫዳን መፍሰስ ለመርሳ ማስፈራሪያ። ሁለቱም አያስኬድም።

የማድቤቱ ጨው የራሱ በሽታ አለው። ሙቀት የማስተላለፍ ኃይሉ ለሜትር በዲግሪ ግማሽ ዋት ገደማ ነው፤ አልሙኒየም ከዚህ አራት መቶ ጊዜ ይበልጣል። ሙቀት ሲወሰድበት መጀመሪያ የሚረጋው ከቧንቧው ጋር የተጠጋው ነው፤ የረጋው ንብርብርም እንደ ጋቢ ሆኖ ገና ያልረጋውን ከምጣዱ ይጋርደዋል። ስለዚህ ጨዉ በብረት ክንፎች መካከል ወይም በአልሙኒየም ብሎክ ውስጥ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ይሞላል። ክንፍ በበዛ ቁጥር ሙቀቱ ይፈጥናል፣ ጨዉ ያንሳል፣ ዋጋው ይወጣል።

አዲስ አበባ፣ መቀሌ፣ ትሮንድሄይም

በኢትዮጵያ የተሠራው ሥራ ሦስት ቦታዎችን ያገናኛል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብዱልቃድር አማን ሐሰንና ደምስ ዓለሙ አሚቤ፣ ከኖርዌይ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ኦለ ዮርገን ኒዳል ጋር ሆነው፣ ፀሐይ ውጪ ሆና ምጣዱ ቤት ውስጥ የሚሠራበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 አቀረቡ። እነሱ የተጠቀሙት በዘይት ነው፤ በገንዳ መሰል መስታወት የሞቀው ዘይት ተጉዞ ምጣዱን ያሞቃል። ትልቁ ቁም ነገር መጋገሪያውን ከግቢ ወደ ቤት ማስገባቱ ነበር። በፀሐይ ላይ ቆሞ የሚጋገርበትን ምጣድ ማን ይቀበለዋል?

ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ አስፋፋው ኃይለሥላሴ ተስፋይና ሙሉ ባይራይ ካህሳይ፣ ከዚሁ ከኒዳል ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ነገር አሳተሙ። አንደኛው ሙቀትን በናይትሬት ጨው አስቀምጦ እንጀራ መጋገር ነው። ሁለተኛው፣ ለእኔ ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ከ135 እስከ 160 ዲግሪ በሆነ እንፋሎት በቀጥታ የሚሞቅ ምጣድ እንጀራ እንደሚያወጣ ማሳየታቸው ነው። ለብዙ ዘመን እንደ ሕግ የተያዘው 180 እስከ 220፣ ከወፍራሙ የሸክላ ምጣድና ከእሳቱ የመጣ ልማድ እንጂ የሊጡ ግዴታ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ሊጡ ራሱ የሚፈልገው ውሃው የሚፈላበትን ነጥብ አልፎ ዓይን የሚያወጣበት ፍጥነት ነው።

ይህ ግኝት ሳይታሰብ የጨዉን ምርጫ ያናጋል። ምጣዱ በ150 ዲግሪ የሚሠራ ከሆነ በ222 የሚረጋው ጨው ምቹ ቢሆንም የግድ አይደለም፤ ሂቴክን የመሰለው በ142 የሚቀልጥ ድብልቅ ግን ለዚያ በመጠኑ ይወርዳል፣ ደግሞም ናይትራይት በምግብ አጠገብ መርዝ ነው። ካልሲየም ናይትሬት የተጨመረባቸው ድብልቆች ከ120 እስከ 130 ዲግሪ ገደማ ቀልጠው መርዙን ያስቀራሉ፤ እርጥበት መጠጣታቸው ግን አይቀርም። ስለዚህ ለአሁኑ 222 ያለ ተፎካካሪ ቆሟል፤ ብቸኛ በመሆኑ እንጂ ፍጹም በመሆኑ አይደለም።

ጨዉን በእንፋሎት የማሞቁ መንገድም የራሱ ሥጋት አለው። ውሃ በመስታወቱ ትኩሳት ፈልቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ በጨዉ ውስጥ ባለው ቱቦ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ በክብደቱ ብቻ ይመለሳል፤ ፓምፕ አያስፈልገውም። በ222 ዲግሪ ያለ እንፋሎት ግን ግፊቱ 24 ባር ነው፤ ጨዉን ለማቅለጥ ከዚያም መብለጥ አለበት። የመኪና ጎማ ከሚነፋበት ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። በሠለጠነ ሰው እጅ ባለ ቤተ ሙከራ ይህ ችግር አይደለም። ልጆች በሚሮጡበት ግቢ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ የጎንዮሽ ነገር ልጨምር። ናይትሬት፣ ከሰልና ድኝ ሲደባለቁ ባሩድ ይሆናሉ። የድሮ ባሩድ ሠሪዎቻችን ያውቁት ነበር። ጨው ብቻውን አይነድም፤ ሌላው እንዲነድ ኦክስጅን ያቀብላል እንጂ። የቀለጠ ናይትሬት አፍስሶ በከሰል ወይም በጭራሮ ክምር ላይ ቢወርድ ምን እንደሚሆን ለመገመት ኬሚስት መሆን አያሻም። ጨዉ የሚገባበት ማድቤት ከሰሉን ማስወጣት አለበት።

ሂሳቡ በወልድያ

ወልድያ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 30 ኪሎሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ 1,600 ሜትር ላይ ባለችው መርሳ 95 ይጠጋል። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ግን ሂሳቡ ከዚህ ይጀምራል። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ሊጥ አሙቆ መቶ ግራም ያህል ውሃ ማትነን ለአንድ እንጀራ 340 ኪሎጁል ገደማ ይፈጃል። ሠላሳ እንጀራ ለሚጋግር ቤት 10 ሜጋጁል ይሆናል። ምጣዱ ከሚወስደው ግማሹን በየአቅጣጫው የሚያባክን ከሆነ 20 ሜጋጁል፣ ማለትም አምስት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ይፈለጋል።

ጨዉ ከ280 ወደ 200 ዲግሪ ሲወርድ፣ የሙቀት አቅሙና ድብቁ ሙቀት ተደምረው፣ ለኪሎ 220 ኪሎጁል ይሰጣል። ስለዚህ 90 ኪሎ ጨው ይበቃል፤ ቦታው ከሁለት ጀሪካን ትንሽ ይበልጣል። ጥርት ባለ ቀን፣ ከሚደርሰው ብርሃን አርባ በመቶ የሚይዝ መስታወት ቢኖር፣ ሦስት ካሬ ሜትር የማይሞላ ስፋት ይበቃዋል፤ 1.8 ሜትር ወርድ ያለው አንድ ሳህን 2.5 ካሬ ሜትር ነው። ሀብሩ ውስጥ ብዙው ቤት የሚጋግረው ማሽላ ወይም ቅይጥ ስለሆነ የሊጡ ውፍረትና ውሃው ቁጥሩን ይገፋዋል፣ መልኩን ግን አይለውጠውም።

እስከዚህ ድረስ ጨው ያሸንፋል። አብዛኛው የጥናት ጽሑፍም እዚህ ላይ ያበቃል።

የጨው ዕዳ

ቀጣዩ ሂሳብ ግን ከእያንዳንዱ ቤት ልማድ ጋር ይጋጫል። እንጀራ በየቀኑ አይጋገርም፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። በመካከል ያሉት ቀናት ጨዉ ምን ይሆናል? 20 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው ጥሩ መሸፈኛ የተጠቀለለ ያ 90 ኪሎ በ100 ዋት ገደማ ሙቀት ያፈሳል። በአንድ ቀንና ሌሊት ከሁለት ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፤ ለመጋገር ካስቀመጥነው አርባ በመቶ ያህል።

የከፋው የክረምቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲከርም፣ ቀጥተኛ ጨረር ብቻ የሚሰበስበው መስታወት ምንም አያገኝም፤ ጨዉ እስከ ቤቱ ሙቀት ይወርዳል። ከ25 ወደ 200 ዲግሪ እንደገና ለማምጣት፣ ያ የ110 ዲግሪ እርከን ተጨምሮ፣ ለኪሎ 270 ኪሎጁል ይበላል። ለ90 ኪሎው 25 ሜጋጁል ነው፤ አንድ ሙሉ ጋገራ ከሚፈጀው ይበልጣል። ደመናው ከተገፈፈ በኋላ የመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ለጨዉ ብቻ ትሠራለች፤ ከምጣዱ ምንም አይወጣም። ጨው ከመስጠቱ በፊት የራሱን ይወስዳል።

ስለዚህ በእኔ ሚዛን የቤት ጨው ማከማቻ ክርክር የተበላሸው ከዚህ ነው። ጥያቄው ጨዉ ሙቀት ይይዛል ወይ የሚል አልነበረም፤ ሳይቀዘቅዝ በየቀኑ የሚሠራበት ማድቤት የት አለ የሚል ነው እንጂ። መልሱ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን በየቀኑ ይመግባል፤ በከተማዎቹም እንጀራ ጋግሮ መሸጥን ኑሮ ያደረጉ ሴቶች አሉ። በቀን አንድ ሺህ እንጀራ ለሚያወጣ መጋገሪያ ያው ሂሳብ ወደ 3 ቶን ጨውና 90 ካሬ ሜትር ያህል መስታወት ይጠይቃል። መጠኑ ሲያድግ የውጭ ቆዳው ከክብደቱ ጋር እኩል ስለማያድግ፣ የቀን ብክነቱ ከአርባ በመቶ ወደ አሥራ ሁለት ይወርዳል። ግፊት ያለበትን ቧንቧ የሚጠብቅ ባለሙያ መቅጠርም ለተቋም ይቻላል። ዕዳው አንዴ ተከፍሎ ካበቃ በየቀኑ አይመለስም።

ድንጋዩ ይመልሳል

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። በሙቀት ማከማቻው ክርክር ውስጥ ድንጋዩ በእርግጥም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የሰሜን ወሎ ተራሮች የእሳተ ገሞራ ባዝልት ናቸው፤ ለኪሎ በዲግሪ 0.85 ኪሎጁል ገደማ ይይዛሉ፣ ይህም የፈሳሽ ጨውን ግማሽ ያልፋል። ከ350 ወደ 200 ዲግሪ የሚወርድ 150 ኪሎ ድንጋይ ያንኑ 20 ሜጋጁል ይሰጣል። አይቀልጥም፣ አያፈስም፣ ባሩድ አይሆንም፣ ገዝተው አያመጡትም። በካሊፎርኒያ ሳይቀር ከሶላር ቱ በፊት የነበረው ሶላር ዋን ሙቀቱን ያስቀምጥ የነበረው በዘይት በተነከረ ጠጠርና አሸዋ ነበር።

ድንጋዩ የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ሙቀቱ እየወረደ ይሄዳል እንጂ በአንድ ቦታ አይቆምም። የመጀመሪያዋ እንጀራ ታርራለች፣ የመጨረሻዋ ዓይኗ አይወጣም። ይህን ለማስተካከል በመካከል የሚዘዋወር አየር ወይም ዘይት፣ እሱንም የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል። የጨው ደጋፊዎች የሚመኩበት ነጥብ ይህ ነው፤ ተገቢም ነው። ጥያቄው ያ ያልተዋዠቀ 220 ዲግሪ የሚያወጣውን ዋጋ ያህል ነው ወይ የሚለው ነው። የለመደች ጋጋሪ በማገዶ ላይ የሚዋዠቅ ምጣድን በእጇ ልክ ታስተዳድራለች፤ ሊጡን ታቀጥናለች፣ እሳቱን ትቀንሳለች። መሐንዲሱ የሚቆጥረው መዋዠቅ ለእርሷ ሙያዋ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ለድንጋዩ ከተለመደው የበለጠ ዕድል መስጠት ይገባል ባይ ነኝ።

ዳሎል ለምን አይሆንም?

የናይትሬቱ ጨው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ዋናው የተፈጥሮ ሶዲየም ናይትሬት ያለው በቺሊ አታካማ በረሃ ነው። ከወሎ ዳገት በታች፣ በዳናኪል፣ የጨው ክምችት ሞልቶ ሳለ ከደቡብ አሜሪካ ማስመጣቱ ያስቆጫል። ግን የእኛ ጨው ክሎራይድ ነው። የገበታው ጨው ብቻውን በ801 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ለምጣድ አይታሰብም።

የዳሎል ክምችት ግን የገበታ ጨው ብቻ አይደለም። ለማዳበሪያ ሲባል ለአሥርት ዓመታት የተቆፈረለት የፖታሽ ንብርብር ሲልቫይት፣ ካይናይትና ካርናላይት ይዟል። ካርናላይት ደግሞ የማግኒዥየምና የፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ከሶዲየም ክሎራይድ ጋር ተመጥኖ ሲደባለቅ በ400 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ናይትሬት ከሚፈርስበት በላይ 700 ዲግሪን ይሻገራል። ለቀጣዩ ትውልድ ማመንጫ ከታጩት ድብልቆች አንዱ ይኸው ነው። ችግሩ ማግኒዥየም ክሎራይድ እርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መልቀቁና ብረትን መብላቱ ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ለቀጣዩ ትውልድ የፀሐይ ማመንጫ ካወዳደራቸው መንገዶች መካከል እ.ኤ.አ. በ2021 የመረጠው ክሎራይዱን ሳይሆን እንደ አሸዋ የሚፈስ ጠጣር ቅንጣት ነበር። እዚያም ቢሆን፣ ጨውና ድንጋይ ሲወዳደሩ ድንጋዩ ወሰደው።

ከዳሎል ለማድቤት የሚደርሰው መንገድ ዘወርዋራ ነው፤ የፖታሲየም ክሎራይዱን በናይትሬት ለውጦ ፖታሲየም ናይትሬት ማድረግ። ለዚህ የናይትሬት ማዳበሪያ ኢንዱስትሪ መቅደም አለበት። ማከማቻ ጨው በራሱ ፋብሪካ አያስተክልም፤ ፋብሪካ ካለ ግን ፍርፋሪው ይበቃዋል።

ከፀሐይ ወይስ ከመስመር?

አሁን ክርክሩን እየቀየረው ያለው ጨዉ አይደለም፤ የኤሌክትሪኩ ዋጋ ነው። የፀሐይ ፓነል በመርከሱ መስታወት፣ እንፋሎትና 24 ባር ሳያስፈልጉ በጨዉ ውስጥ በተቀበረ የማሞቂያ ሽቦ ብቻ ማቅለጥ ይቻላል። ፓነል በደመና ቀን እንኳ ጥቂት ይሰጣል፣ መስታወት ግን ምንም። ብርሃንን ወደ ሙቀት በመለወጥ መስታወቱ እጥፍ ቢበልጥም፣ ፓነሉ ፀሐይን እየተከተለ አይዞርም፣ አያፈስም።

ከዚህ በላይ የሚሄዱት ደግሞ ማከማቻ ምን ያደርጋል ይላሉ። 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ እስከ አራት ኪሎዋት የሚስበው የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ ይግባና ጉዳዩ ይለቅ። መከራከሪያው ጠንካራ ነው፤ አንድ ቀዳዳ ግን አለው። አንድ ሺህ ምጣድ በአንድ ሰዓት ሲጣድ አራት ሜጋዋት ነው፤ ትራንስፎርመሩ የሚወድቀው በግድቡ አቅም ማነስ ሳይሆን በሰፈሩ ሽቦ ነው። ሌሊት በዝቅተኛ ጭነት የሞላ ጨው ይህን ሸክም ከቀን ወደ ሌሊት ያዞራል። በዚህ መልክ ሲታይ ጨዉ የፀሐይ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የመስመሩ መሣሪያ ይሆናል፤ የተቋም ማድቤቱም እንደገና የመጀመሪያው ተሰላፊ ነው።

ለመቋረጥ ዋስትና ይሆናል የሚለው ግን ተለይቶ መታየት አለበት። ለሰዓታት መቋረጥ፣ ለአንድ ሌሊትም ጭምር፣ የሞላ ጨው እንጀራ ያስወጣል። ወልድያ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ውስጥ በነበረችባቸው፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባሉት ወራት፣ መብራት ሲጠፋ ግን ከመስመር የሚሞላ የትኛውም ጨው በሁለተኛው ቀን ደርቆ ይቀር ነበር። ያን ጊዜ ምጣዱን ያሞቀው ጭራሮና ኩበት ነው፤ በራሱ ፀሐይ የሚሞላ ማከማቻ ደግሞ የክረምቱን ደመና አልፎ መስከረም ላይ ዕዳውን ከፍሎ ሥራ ይጀምር ነበር።